«እናቴ ስልክ ካላነሣች ልቤ ቀጥ ይላል»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ንጥቀት (ጌታ ሲመጣ አማኞች ወደ እርሱ ይነጠቃሉ የሚለው)፣ ትንሣኤ ሙታን፣ የጌታ ዳግም ምጽአት። ዕድሜዬን መጽሐፍ ቅዱስ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ሰው በዚህ ርዕስ ሲከራከር የሚግለውን ያህል በሌላ ሲግል አላየሁም። ደግነቱ የዛሬ ጠያቂዎቼ ክርክር አልፈለጉም። አንዷ ፈርታለች፣ አንዷ ሐዘን ላይ ናቸው፣ አንዱ ሥራውን ሊለቅ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያደግኩት ስለ ንጥቀት ሁልጊዜ በሚወራበት ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ሳጠፋ «ጌታ ዛሬ ቢመጣ አንቺ ትቀሪያለሽ» ይሉኝ ነበር። አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እስከ ዛሬ ግን ቤት ስገባ ሰው ከሌለ ላብ ያጠምቀኛል። እናቴ ጋ እደውላለሁ። ካላነሣች ልቤ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን እናቴም አባቴም አላነሡም። የድሮ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዬ ጋ ደወልኩ። «ሃሎ» ሲሉ ዘጋሁት። እሳቸው ካሉ አልቀረሁም ማለት ነው ብዬ። ንጥቀትና ዳግም ምጽአት ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? እውነት ሰው ሳይታወቅ ድንገት ይጠፋል?
— ከስልኳ የማትለይ

መልስ፦ ልጄ፣ አስተማሪሽ ማን ደውሎ እንደዘጋባቸው እስከ ዛሬ ሳይገርማቸው አይቀርም። አንድ ቀን ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል። እንዳንቺ የሚደውል ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ስንቱ ጎልማሳ እንደ ቀልድ አድርጎ ነግሮኛል። ሲነግረኝ ግን ፊቱ አይስቅም።

ስለ ንጥቀት የሚባለው ነገር በዋናነት የቆመው በአንድ ክፍል ላይ ነው። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13-18። ጳውሎስ ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ ነው። ተሰሎንቄ ውስጥ ብዙ አልቆየም ነበር። የሐዋርያት ሥራ 17ን ብታነቢ ሦስት ሰንበት በምኩራብ ሲነጋገር ቆየ፣ ከዚያ ሁከት ተነሣ፣ ወንድሞች በሌሊት አሸሹት። ትቷቸው የሄደው ገና ጀማሪ አማኞችን ነው። እነሱም ጌታ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ከመካከላቸው ሰው ሞተባቸው። ጨነቃቸው። የሞቱት ወገኖቻችን ያ ቀን ሊያመልጣቸው ነው እንዴ?

አየሽ፣ የእነሱ ፍርሃት የአንቺ ተቃራኒ ነበር። «ሌላው ሄዶ እኔ እቀራለሁ» አላሉም። «እኛ ሄደን የሞቱብን ይቀራሉ» ብለው ነው ያለቀሱት። የጳውሎስ መልስ በአጭሩ «ማንም አይቀርም፣ እንዲያውም እነሱ ይቀድማሉ» ነው። «በክርስቶስም የሞቱ አስቀድመው ይነሣሉ፤ ከዚያም በኋላ እኛ ሕያዋን ሆነን የምንቀረው፥ ጌታን በአየር ለመቀበል ከእነርሱ ጋር በደመና እንነጠቃለን» ይላል። «ከእነርሱ ጋር» የምትለዋን አስምሪባት። የክፍሉ ልብ እሷ ናት። መዝጊያውስ ምን ይላል? «ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ»። ፍሩ አላለም። ለሐዘንተኛ የተጻፈ ማጽናኛ እንዴት ዞሮ ልጅ መቅጫ እንደሆነ እኔንም ይገርመኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ክርስቲያኖች ሁሉ የሚስማሙበት አለ፤ ክርስቶስ በክብር ተመልሶ ይመጣል፣ ሙታን ይነሣሉ፣ በሕያዋንና በሙታን ይፈርዳል። ይህ በ4ኛው መቶ ዘመን በኒቅያና በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከተደነገገው የሃይማኖት መግለጫ ውስጥ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም ይለዋል። የሚለያዩት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ጌታ መጀመሪያ በስውር መጥቶ ቤተ ክርስቲያንን ይነጥቃል፣ ከዚያ ታላቁ መከራ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ በይፋ ይመጣል የሚለው ትምህርት በዚህ መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያስፋፋው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ይባላል፤ አየርላንድ ውስጥ የአንግሊካን ቄስ የነበረ ሰው ነው። በኋላ ስኮፊልድ የሚባል አሜሪካዊ በ1909 ማብራሪያ የታከለበት መጽሐፍ ቅዱስ አሳተመ። ትምህርቱ በዓለም የዞረው በአብዛኛው በዚያ መጽሐፍ ግርጌ ነው። ይህን የሚያምኑ ወገኖች ዝም ብለው አይደለም የሚያምኑት። «እግዚአብሔር ለቍጣ አልመረጠንም» የሚለውን 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥9ን ይጠቅሳሉ። በራእይ 3፥10 ላይ ከፈተናው ሰዓት እጠብቅሃለሁ የሚለውንም ያክላሉ። ብዙዎቹ ወዳጆቼ ናቸው።

እኔ ግን ንጥቀትና ዳግም ምጽአት አንድ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴ ያው ክፍል ነው። ትእዛዝ አለ፣ የመላእክት አለቃ ድምፅ አለ፣ የእግዚአብሔር መለከት አለ። ይህን ሁሉ ጩኸት ይዞ ስውር መምጣት እንዴት ይሆናል? ራእይ 1፥7ም «ዓይንም ሁሉ የወጉትም ያዩታል» ይላል። «ጌታን ለመቀበል» የሚለውንም ተመልከቺ። ጳውሎስ ራሱ ወደ ሮም ሲቃረብ የሮም ወንድሞች እስከ አፍዩስ ፋሩስና እስከ ሦስት ማደሪያ ድረስ ወጥተው ተቀብለውታል። ከዚያ ይዘውት ወደ ከተማቸው ተመለሱ እንጂ ይዟቸው አልጠፋም። ከዐሥሩ ደናግል ልባሞቹም ሙሽራውን ሊቀበሉ ወጥተው አብረውት ወደ ሰርጉ ገቡ።

«አንዱ ይወሰዳል አንዱም ይቀራል» የሚለው ጥቅስስ? ማቴዎስ 24፥40 ነው። አንድ መስመር ወደ ኋላ ተመለሺ። ስለ ኖኅ ዘመን እያወራ ነው፤ «የጥፋት ውኃም መጥቶ ሁሉን እስከ ወሰደ ድረስ» ይላል። ውኃው የወሰደው ማንን ነው? የቀረውስ ማነው? የቀረው ኖኅ ነው። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ መቅረት መጥፎ ላይሆን ይችላል። እንደኔ የሚያነቡ ብዙ ናቸው፣ የማይስማሙም አሉ። ብቻ ከዚህች ጥቅስ ተነሥቶ አንቺን በባዶ ቤት ማስፈራራት ተገቢ አይደለም።

ሁለት ነገር ልምከርሽ። አንደኛ፣ ክፍሉን ከቁጥር 13 ጀምረሽ እስከ 18 ድረስ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ከመሃል ጀምረሽ መሃል ላይ አታቁሚ። ሁለተኛ፣ ልብ ምት የሚያፈጥን፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ፍርሃት የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። ከልጅነት የተተከለ ነገር ነው። ለምታምኚው ሰው ተናገሪው። ካልተሻለሽ ሐኪም ማማከር ነውር የለበትም። ይህን የምታነቡ ወላጆች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ልጅ ወተት ሲደፋ የጌታን መምጣት አታንሡበት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሞተው በእሳት አደጋ ነው። ከአካሉ የቀረልን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያስቀበርነው ሳጥን ባዶ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሰዎች «አይዞሽ፣ ትንሣኤ አለ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ምኑ ነው የሚነሣው እላለሁ በልቤ። አሁንስ የት ነው ያለው? ጮክ ብዬ ስጠይቅ እምነት የለሽም ይሉኛል።
— ባለቤቷን ያጣች

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጥያቄዎ የእምነት ማጣት አይደለም። እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የክርስቲያን ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ያውም በደም የተጠየቀ።

እ.ኤ.አ. በ177 ሮማውያን በሊዮን ከተማ፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ ማለት ነው፣ ብዙ ክርስቲያኖችን ገደሉ። መግደሉ አልበቃቸውም። ሬሳቸውን ስድስት ቀን ሜዳ ላይ አሰጡት። ከዚያ አቃጠሉትና አመዱን ሮን ወንዝ ውስጥ በተኑት። ለምን? የተረፉት ክርስቲያኖች በጻፉት ደብዳቤ ላይ ምክንያቱ ተቀምጧል። ደብዳቤውን የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። የትንሣኤ ተስፋ እንዳይኖራቸው ነው። እስቲ አሁን ይነሡ እንደሆን እናያለን አሉ ገዳዮቹ።

የሚገርመኝ የተረፉት ያደረጉት ነው። ሬሳውን ቀብረው ማልቀስ ባለመቻላቸው በጣም አዘኑ። ሐዘናቸውን አልደበቁም። ግን ወንዙ ተስፋቸውን ወሰደው አላሉም። ከዚያ አስቀድሞ በራእይ 20፥13 ላይ «ባሕርም በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን ሰጠ» ተብሎ ተጽፏል። አውሬ የበላው፣ ባሕር የዋጠው፣ እሳት የፈጀው ሁሉ የተካተተበት ተስፋ ነው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስም በ5ኛው መቶ ዘመን ይህንኑ ጉዳይ ሰፋ አድርጎ ጽፎበታል። መልሱ ፈጣሪ ከምንም ካስገኘ፣ የተበተነውን መሰብሰብ አያቅተውም የሚል ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ በሣጥን የተቀበረውም ቢሆን ከዘመናት በኋላ አፈር ነው። ባለቤትዎ ከሌላው ሙት የተለየ ዕዳ የለበትም።

«ምኑ ነው የሚነሣው?» ላሉት ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለታል፤ «ሙታን እንዴት ይነሣሉ? በምንስ ዓይነት አካል ይመጣሉ?» የሚል። መልሱ ስለ ዘር ነው። የምትዘራው የሚሆነውን አካል አይደለም፣ ቅንጣት ነው ይላል። ቅንጣቷ አፈር ውስጥ ትፈርሳለች፣ የሚወጣው ግን ሌላ ሳይሆን የእሷው ነው። ስለዚህ ትንሣኤ ማለት የድሮዎቹን ቁርጥራጮች መልሶ መገጣጠም ብቻ አይደለም። ሰውየው ራሱ፣ መበስበስ በማይነካው አካል።

ምሳሌያችን ክርስቶስ ራሱ ነው። ከተነሣ በኋላ የተጠበሰ ዓሣ በፊታቸው በላ። ቶማስ የችንካሩን ምልክት አየ። መንፈስ ብቻ አልነበረም። ግን ደግሞ በሩ ተዘግቶ ሳለ በመካከላቸው ቆመ፣ የኤማሁስ መንገደኞችም አብሯቸው እየሄደ አላወቁትም። ያው ነው፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከዚህ በላይ ዝርዝር አልተሰጠንም፤ እኔም አልጨምርም።

አሁን የት ነው ላሉት፦ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና አብዛኛው ፕሮቴስታንት በክርስቶስ የሞተ ሰው ነፍስ በእርሱ ዘንድ ትሆናለች፣ ትንሣኤን ትጠብቃለች ይላሉ። ለወንበዴው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» መባሉን፣ ጳውሎስም ልሄድ ከክርስቶስም ጋር ልኖር እናፍቃለሁ ማለቱን ይጠቅሳሉ። እኔም ይህን አምናለሁ። አድቬንቲስቶች ደግሞ ሙታን እስከ ትንሣኤ አንቀላፍተዋል ይላሉ። በዚያም አቆጣጠር ቢሆን ዓይኑን ሲከፍት የሚያየው ጌታን ነው።

«አታልቅሺ» የሚሉዎትን ተዉአቸው። ጳውሎስ አትዘኑ አላለም፤ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» አትዘኑ ነው ያለው። ማርታ «በመጨረሻው ቀን በትንሣኤ እንዲነሣ አውቃለሁ» አለች። እምነቷ ሙሉ ነበር። ኢየሱስም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ባሌ ሞቶ ሌላ አገባሁ። ሁለቱንም እወዳለሁ። በትንሣኤ የማን ሚስት ነኝ?

መልስ፦ ሰዱቃውያን ይህንኑ ጥያቄ በሰባት ባሎች አድርገው ለኢየሱስ አቅርበውለት ነበር። እነሱ የጠየቁት ሊያፌዙ ነው፤ ትንሣኤ የለም የሚሉ ነበሩና። እርስዎ ከልብዎ ነው የጠየቁት። መልሱ ማቴዎስ 22፥30 ነው፤ በትንሣኤ አያገቡም አይጋቡምም። ፍቅሩ ይጠፋል አላለም። ውሉ ነው የሚያበቃው። አንዱን መርጠው ሌላውን የሚያስቀይሙበት ቀን አይመጣብዎትም።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ በኢንተርኔት የምከታተለው አንድ ሰባኪ አለ። የንጥቀቱን ወር አስልቶ ደርሶበታል። ከዳንኤልና ከራእይ ቁጥሮች፣ ከጦርነቱ ዜና፣ ከጨረቃውም ጋር ያገናኘዋል። ስሌቱ ሲታይ አፍ ያስይዛል። ሥራዬን ለቅቄ፣ ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ለአገልግሎቱ ልሰጥ አስቤያለሁ። ሚስቴ አበድክ ወይ ትላለች።
— ጊዜው የቀረበበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሚስትህን ስማ።

«ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት ግን ከአባት ብቻ በቀር የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ ልጅም ቢሆን የሚያውቅ የለም» ይላል ማቴዎስ 24፥36። አስሊዎቹ ይህን ጥቅስ በቃላቸው ያውቁታል። «ቀንና ሰዓቱን አይደለም፣ ወሩን ነው» ይሉሃል። እንግዲህ ሐዋርያትም «በዚህ ወራት ነውን?» ብለው ጠይቀዋል። የተመለሰላቸው «ወራትንና ዘመናትን ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጣችሁም» የሚል ነው። ወሩም ተዘግቷል።

ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ገበሬና ሰባኪ ነበር። ዳንኤል 8፥14 ላይ ያለውን 2300 ቀን ወደ ዓመት ለውጦ ጌታ በ1843 ገደማ ይመጣል አለ። አጭበርባሪ አልነበረም፣ ቅን ሰው ነበር። ተከታዮቹ በመጨረሻ ጥቅምት 22 ቀን 1844 በፈረንጅ አቆጣጠር ብለው ቆረጡ። አዝመራውን ሳይሰበስብ የተወ ገበሬ ነበረ። ሌሊቱ አለፈ፣ ነጋ። ያ ቀን በታሪክ ታላቁ የተስፋ መክሸፍ ተብሎ ቀረ።

ሩቅ ነው ካልክ ሃሮልድ ካምፒንግ አለልህ። መሐንዲስ የነበረ፣ በኋላ የሬዲዮ ሰባኪ የሆነ ካሊፎርኒያዊ ነው። ግንቦት 21 ቀን 2011 በፈረንጅ አቆጣጠር ንጥቀት ነው ብሎ በብዙ አገር ትልልቅ ማስታወቂያ አሰቀለ። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ጡረተኛ የትራንስፖርት ሠራተኛ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ቁጠባውን ለማስታወቂያ አፈሰሰ። ቀኑ ሲያልፍ ካምፒንግ ወደ ጥቅምት 21 አዛወረው። ያም አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ቀን መቁረጡ ኃጢአት እንደነበረ በይፋ ጻፈ፣ በ2013 ዐረፈ። ይቅርታ መጠየቁን አከብርለታለሁ። የጡረተኛው ብር ግን አልተመለሰም።

ስሌቱ አፍ ያስይዛል ላልከው፣ የሚለርም አፍ ያስይዝ ነበር። ዐዋቂዎች ናቸው የተከተሉት። ቁጥር ብዙ ካለህ የፈለግከውን ቀን ታወጣለህ።

ተሰሎንቄዎችም ዘንድ ይኸው ነገር ደርሷል። ጳውሎስ በሁለተኛው ደብዳቤው የጌታ ቀን ደርሷል ብሎ ማንም እንዳያናውጣችሁ ይላል፤ ከእኛ እንደመጣ በሚመስል መልእክትም ቢሆን። ሐሰተኛ መልእክት የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። በዚያው ደብዳቤ ሥራ ፈትተው ያለ ሥርዓት የሚሄዱ ሰዎችን ይገሥጻል። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለው ቃል የተነገረው እነሱን ነው። እንግዲህ አንተ ሥራ ልትለቅ ነው የምትለኝ።

አንድ ፈተና ልስጥህ። ሰባኪውን ጻፍለትና «ያልከው ወር ካለፈ በኋላ ብሬን ትመልስልኛለህ?» በለው። በጽሑፍ ይፈርምልህ። መልሱ ብዙ ይነግርሃል።

ይህን ስል ጌታ አይመጣም ማለቴ አይደለም። በየጸሎቱ «ና» የምል ሰው ነኝ። ግን መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ኢየሱስ ራሱ ነግሮናል። ጌታው ሲመጣ ለቤተሰቡ ምግባቸውን በጊዜው ሲሰጥ የሚያገኘው ባሪያ ብፁዕ ነው ይላል። ሥራው ላይ የተገኘው ማለት ነው። ልጆችህን አብላ፣ ደመወዝህን ተቀበል፣ መስጠት ከፈለግክ አጠገብህ ለተቸገረ ሰው ስጥ።

ጥያቄ፦ አያቴ ዘጠና ዓመት አልፏት፣ ጎብጣ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ነው የሞተችው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በሕፃንነቱ ነው የሄደው። ስንት ዓመት ሆነው ነው የሚነሡት?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ልጆች ሁልጊዜ ይጠይቁታል፣ ትልልቆቹ ያፍሩበታል። አውግስጢኖስ አላፈረበትም። ክርስቶስ በሞተበት ዕድሜ አካባቢ፣ በሠላሳዎቹ ግድም፣ ሰው ሙሉ በሆነበት ዕድሜ ይነሣል ብሎ ገምቷል። ሕፃኑም ሊደርስበት የነበረውን አካል ያገኛል ባይ ነው። ግምት ነው እንጂ የተጻፈ አይደለም። የተጻፈው «በድካም ይዘራል፥ በኃይል ይነሣል» የሚለው ነው። ስለ አያትሽ መጉበጥና ስለ ዓይኗ እኔ ብሆን በዚህ ብቻ እተኛ ነበር። ወንድምሽን እንዴት ታውቂው እንደሆነ ግን አትጨነቂ። መግደላዊት ማርያም አትክልተኛ መስሏት የነበረውን ጌታ ያወቀችው ስሟን ሲጠራት ነው። ምናልባት እሱ ነው የሚጠራሽ።

ራእይ 20 ላይ ስላለው የክርስቶስ የሺህ ዓመት ንግሥና የላካችሁልኝ ሁሉ ለሚቀጥለው ዕትም አቆይቻችኋለሁ። ሰፊ ነው፤ ያንን ክፍል ከመጀመሪያዎቹ መቶ ዘመናት ጀምሮ ሰው በተለያየ መንገድ ሲያነበው ኖሯል። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ቃል በቃል ይጠብቀው ነበር፣ አውግስጢኖስ ደግሞ የአሁኑ የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው አለ። ጥያቄያችሁን በሁለት ሦስት መስመር ጻፉልኝ። ባለቀለም ሰንጠረዥ የላካችሁልኝ ወገኖች፣ ድካማችሁ ይታየኛል፤ ሰንጠረዡን ግን እዚያው አቆዩልኝ።